ጋሽ ታደሰ ያስቀሩት ዳጉ

ልጅ ሳለሁ አዋሽ ከተማ ተረት የምንሰማው ከጎሚስታው ከጋሽ ታደሰ ነበር። ፋኖሱ ደጃፉ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የጎማው ሽታ ከከሰሉ ጭስ ጋር ተደባልቆ፣ እሳቸው ፍሙን እየቆሰቆሱ ሲያወሩ እኛ የሾፌር ልጆች አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠን እናዳምጣለን። ደጋግመን የምናስነግራቸው ገመድ ሳይታሰርላት ሌሎቹን ግመሎች ሁሉ ስለምታስከትል መሪ ግመል ነበር። «ውሃ ሲገኝ እሷ የምትጠጣው ከሁሉም በኋላ ነው» ይሉናል።

ያኔ ሾፌሮቹም እንደኛ ነበሩ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጢጥ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳይደብቁ ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ይሉታል። ጋሽ ታደሰ አፋርኛ ይሰማሉ፤ ከሾፌሮቹ መሃል ግን ቋንቋውን የሚሰማ ስላልነበረ፣ የመንገዱን ወሬ ከእሳቸው ሳይጠይቅ ሞተር የሚያስነሳ አልነበረም። ሹመት የላቸው፣ ማኅተም የላቸው፤ «ቆዩ» ካሉ ይቆማል።

አንድ ክረምት ጎርፍ ከአዋሽ አርባ ወዲያ መንገዱን ቆረጠው። አባቴ ወደ ሰመራ የሚሄድ ቲማቲም ጭኗል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀድሞ የደረሰ በውድ ይሸጣል። መኪናው የሰው ነው፤ ጭነቱ ከተበላሸ እንጀራው እንደሚቀር ያውቃል።

«ጋሼ፣ እንሂድ ወይ?» አለ ረፋዱ ላይ።

«ውሃው አልጎደለም። ለቲማቲም ብለህ ልትሰጥም ነው? ሚስትህ ወጡን በምን ትሠራልህ?»

ሁሉም ሳቁ። አባቴም እየሳቀ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከሰዓት በኋላ፣ እሱም ለሰመራ ቲማቲም የጫነው የጋሽ ታደሰ ልጅ ባል «ፍሬኗን ላስፈትሽ» ብሎ መኪናውን ይዞ ወጣ፤ አልተመለሰም።

በማግስቱ አንድ አፋር ግመሎቹን እየነዳ መጣ። አባቴ ስለ ውሃው ጠየቀው።

«ውሃ ሄዷል። ትናንት አንድ መኪና አለፈ። ትናንት ጠዋት ለታደሰ ነገርኩ» አለ በተሰባበረ አማርኛ። ከዚያ ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን ቃኘ። «እሱ አልነገረም?»

ጋሽ ታደሰ ከጎማ ያወጡትን የውስጥ ላስቲክ ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋ ይፈልጉ ነበር። ቀና አላሉም።

«እኔን እንኳ፣ ጋሼ?» አለ አባቴ። ከመኪናው ሥር የበሰበሰው ቲማቲም ቀይ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። በዚያ ሳምንት ከሥራ ተባረረ።

ጋሽ ታደሰን የሻራቸው የለም፤ ድሮም የሾማቸው አልነበረም። ሾፌሮቹ ጎማ ማስጠገኑን አልተዉም፤ ስለ መንገድ የሚጠይቃቸው ግን ጠፋ። አንድ ምሽት የግመሏን ተረት ሲጀምሩልን ታናሽ እህቴ «ግመሏ አማች አላት?» አለች። የፍሙን መቆስቆሻ አስቀመጡ። ያችን ተረት ዳግም አላወሯትም።

ዛሬ ሰመራ ላይ፣ ከባዶ እጅ ተነስቼ ባቆምኩት መጋዘን ደጃፍ፣ ሾፌሮች «ምን ይሻላል?» ይሉኛል። ሁሉን ማስላት ልማዴ ነውና፣ ከመናገሬ በፊት በቃሌ ማን እንደሚጠቀም አሰላለሁ፤ ተጠቃሚው እኔ ከሆንኩ መጀመሪያ የምነግራቸው እሱን ነው። አባቴ ቁልፉን ኪሱ ሲከት የሳቀውን ሳቅ ግን በምን እንደማሰላው እስከዛሬ አላወቅሁም።