የአራስ ቅቤ

እህቴ ጤና ጣቢያ ሄዳ በነፃ ወለደች። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወዳለው ቤታችን ስትመለስ ጎረቤት ሁሉ እንደ ደንቡ የአራስ ቅቤ ይዞ መጥቶ ጠየቃት። ማሰሮው ሞላ።

ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ጣላት። የጤና ጣቢያው ሐኪም «መድኃኒቱ እኛ ጋ አልቋል፤ ሐይቅ ከተማ ወርዳችሁ ከፋርማሲ ግዙ» አለን። ቤት ውስጥ ሳንቲም አልነበረም። «ቅቤውን ልሽጠው» ብል እናቴ ተቆጣችኝ።

«ለአራስ የመጣ ቅቤ ገበያ ይወጣል እንዴ? ሰው ምን ይለናል!»

ብድር ስንለምን ውለን ባዶ እጃችንን ስንመለስ፣ እህቴ ሞታ ደረስን።

ዛሬም «ወሊድ በነፃ ነው» ሲሉ ስሰማ እበግናለሁ። መውለዱማ በነፃ ነበር፤ መትረፉ ነው ገንዘብ የጠየቀው።

ቅቤው አልተሸጠም። የሰደቃዋን ወጥ ሠራንበት።