አስናቀ የነቀላት ሥር

የጋይንቱ አስናቀ በጃንሆይ ዘመን እርሻ ኮሌጅ ገብቶ ሲወጣ፣ አገሬው ሹመት ይዞ ይመጣል ብሎ ነበር የጠበቀው። ምን ያደርጋል! ጋራ ለጋራ እየዞረ ቅጠልና አበባ እየለቀመ፣ በጋዜጣ መሃል እያደረቀ ለጥናት አዲስ አበባ የሚልክ ሰው ሆኖ አረፈው። «ይህን ሁሉ ተምሮ ሥር ማሽ?» ብለው አርብ ገበያ ላይ ሳቁበት። እሱ ምን ገዶት! አይቶት የማያውቀው ተክል ካገኘ ምሳውን የሚረሳ ሰው ነበር።

ስማዳ ያሉት አክስቱ እማሆይ አሰለፈች የወፍ በሽታ መድኃኒት ያውቃሉ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሁሉ እሳቸው ደጅ ነው። ተክሏን ግን ለማንም አያሳዩም፤ አባታቸው ሲያወርሷቸው አስምለዋቸዋል፤ መድኃኒት ለሌላ ከታየ ይሸሻል ይባላላ። አስናቀ ጉልበት ስሞ ለመናቸው። ልጅ የላቸው፣ አንጀታቸው አልችል አለና ገደሉ አፋፍ ድረስ ወሰዱት። አንዲት ብቻ ነበረች።

«ቅጠሏን ቆንጥር። ሥሯን እንዳትነካ!» አሉት።

ለእሱ ሙያ ግን ሥር የሌለው ተክል ጎደሎ ነው። በማግስቱ ብቻውን ተመልሶ ከነሥሯ ነቀላት። አበስኩ ገበርኩ! «ሌላ ቦታም አትጠፋ» እያለ ራሱን አታለለ።

በዓመቱ ክረምት ላይ ሲመለስ እማሆይ ከስተው አገኛቸው። በሽተኛ መቀበል ትተዋል፤ የባሰው ደግሞ ከቁርባን ርቀዋል።

«መሐላዬን አፈረስኩ፣ ሸሸችኝ። እግዜር ተቀይሞኛል፣ ልጄ» አሉት።

አስናቀ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ግን እኒህ ሴት በእሱ ጥፋት ሲያለቅሱ እያየ እንዴት እህል ይዋጥለት? እግራቸው ላይ ወደቀ።

«እማሆይ፣ አልሸሸችም። እኔ ነኝ የነቀልኳት።»

ይረግሙኛል ብሎ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። እሳቸው ግን እልል አሉ!

«እሰይ የኔ ጌታ! አልተቀየመኝማ!» ብለው መቋሚያቸውን አነሱ፤ አሁኑኑ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሊሄዱ። ደጃፉ ላይ ደርሰው ዘወር አሉ። «በል፣ ዝናቡ ሳያቆም አምጣና መልሰህ ትከላት።»

«ደርቃለች፣ እማሆይ። ወረቀት ላይ ተለጥፋለች።»

እማሆይ ተመልሰው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«እኔንስ እግዜር ማረኝ» አሉ። «ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ለሚመጣው ሰው ምን ልበለው?»