የተበረበረው አራስ ቤት

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላኝም ነበር። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የዚያን ዕለት ለገበያ ሲሬ ወርዷል። ነቀምቴ ቤታችን ውስጥ እኔና ሕፃኗ፣ እንዲሁም የምታርሰኝ ጎረቤቴ ብቻ ነበርን። «ሃርሜ» ነበር የምላት፣ እንደ እናት። ከመጋረጃው ጀርባ እያጠባሁ ሳለ ደጁ ላይ ጫጫታ ሰማሁ፤ ወዲያው የሰው መውደቅ፣ ቀጥሎም የቡትስ ጫማ ድምፅ።

መጋረጃውን ገልጦ የገባው የከተማችን ፖሊስ አዛዥ፣ መቶ አለቃው ነበር፤ ሁለት ፖሊሶች ተከትለውታል።

«የተሰረቀ ቡና እዚህ ተደብቋል» አለኝ።

«አራስ ነኝ! ወንድ አይገባም!» ብዬ ጮህኩ።

ነጠላዬን ደረቴ ላይ እንኳ ሳልሰበስብ ከአልጋዬ አስነሡኝ። ፍራሹን ገለበጡ፤ የሕፃኗን መጠቅለያ ሳይቀር አራገፉ። አንዲት ፍሬ ቡና አላገኙም። ይቅርታ ሳይሉ ወጡ። ከሐፍረቱ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን የመንደሩ ሰው «እንዲያው በከንቱ አይመጡም» እያለ ማንሾካሾኩ ነው።

ባለቤቴ ሲመለስ እከሳለሁ አልኩት።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ንጉሡን መች ከሰስኩ? መቶ አለቃውን ነው።»

ከአራስ ቤት እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት ሄድኩ። ከደጁ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ለባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ነገሬን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «በአዲሱ ሕግ እኮ የሰው ቤት ያለ ዳኛ ትእዛዝ አይበረበርም» አለኝ።

«እንግዲያው ጻፈው» አልኩት።

መቶ አለቃው ሽማግሌ ላከብኝ። «ልጄ፣ ነገም የሚጠብቅሽ እሱ ነው፤ ተይው» አሉኝ። ሰው በተሰበሰበበት ይቅርታ ከጠየቀኝ እተዋለሁ አልኳቸው። «ይህንስ አያደርገውም» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ልጄን አዝዬ በጭቃውም በፀሐዩም ተመላለስኩ። እኔ እቀርባለሁ፣ እሱ ይቀራል፤ ዳኛው ይቀጥራል።

በመጨረሻ ቀረበ። ምስክሬ ሃርሜ ናት። ዳኛው ራሱ ኦሮምኛ ይሰማል፤ ችሎቱ በአማርኛ ስለሆነ ግን ቃሏ በአስተርጓሚ ማለፍ ነበረበት። እሷ በኦሮምኛ፣ «አራስ ናት፣ አትግቡ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ገፍትረው ጣሉኝ» አለች። አስተርጓሚው መቶ አለቃውን አየት አደረገና፣ «ፖሊሶቹ ሲገቡ አይቻለሁ ትላለች» አለ።

ደሜ ፈላ። «በንጉሥ አምላክ! እንዲህ አላለችም!»

ዳኛው አስተርጓሚውን ትክ ብሎ አየው። «እንደገና ተርጉም፤ አሁን ሁሉንም» አለው። ሁሉንም ተረጎመ።

«የብርበራ ትእዛዝ ነበረህ?» ሲል ዳኛው መቶ አለቃውን ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ ሌባ ስይዝ ወረቀት ልጠብቅ?»

«ሌባ ሳልሆንስ?» አልኩ፤ አፌን መያዝ አቃተኝ። ዳኛው በእጁ ዝም አሰኘኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ፍርዱ ተነበበ። ብርበራው ከሕግ ውጭ ነው፣ ከቤቴም የተገኘ ነገር የለም፣ መቶ አለቃውም መቀጮ ይክፈል የሚል ነበር። ለእኔ ትልቁ ነገር «የተገኘ ነገር የለም» የሚለው ቃል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መነበቡ ነው። ለሃርሜ በጆሮዋ በኦሮምኛ ነገርኳት። እልልታዋን ስታቀልጠው ፖሊስ እየገፋ አስወጣን፤ በረንዳው ላይም አላቆመችም። ሁልጊዜ ተይው ሲለኝ የኖረው ባለቤቴ ደጅ ሆኖ ሲጠብቅ አገኘሁት። ሕፃኗን ከጀርባዬ አወረደልኝ።

መቶ አለቃው ነቀምቴ ብዙ ጊዜ ቆየ። ገበያ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም አይለኝም፤ እኔም ዓይኔን ሰብሬለት አላውቅም።