ባሕር ላይ የገደልኳት ልዕልት

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ሠላሳ ዓመት ዜና ስጽፍ ሳላጣራ ያሳለፍኩት ነገር የለም። የዋሸሁት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ስለኖረች አንዲት የእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ ነው። የተጎዳችው ግን የድሬዳዋዋ አሚና ናት።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ገና ማብቃቱ ነበር። ድሬዳዋ በዘጋቢነት ተመድቤ፣ ከሰዓት በኋላ መጋላ በሚባለው ሰፈር መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። አሚና የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከትምህርት በኋላ በክፍሉ በር ጥላ ሥር ቆመን፣ ከገበያ የገዛሁትን ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እተርክላት ነበር። መጽሐፉ የልዕልቲቱ ሕይወት ነው፤ በልጅነቷ፣ አይታው ለማታውቀው የሰሜን ንጉሥ ተድራ በመርከብ ተላከች።

«አቦ መምህር፣ እንደ ሬዲዮ አትንገረኝ» ትለኛለች። «መርከቡ ላይ ምን በላች? ፀጉሯንስ ማን ሠራላት?»

መጽሐፉ ይህን አይልም እላታለሁ። ትስቅብኛለች። እኔ ያን ሳቅ ለመስማት ሳምንቱን በቀን በቀኑ እቆጥር ነበር።

ለምን እንደምትጠይቅ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጅቡቲ የሚኖር የአባቷ ወዳጅ ልጅ ለጋብቻ ጠይቋታል። አይታው አታውቅም። አባቷ አላስገደዷትም፤ በጦርነቱ የተቋረጠው የጅቡቲ ባቡር ሥራ ሲጀምር መሄድ መቅረቷን ራሷ ትወስን ብለው ተዉላት። መስመሩ ተጠግኖ ባቡሩ ሊነሳ ሦስት ቀን ሲቀረው መጣች።

«ደረሰች ወይስ አልደረሰችም?» አለችኝ። አልሳቀችም።

መጽሐፉን ጨርሼው ነበር። ልዕልቲቱ ደርሳለች። የሰዎቹን ቋንቋ ተምራለች። ባሏ ሲርቅ አገር አስተዳድራለች። ከተማዋ በጠላት መርከቦች ስትከበብ ሕዝቡን አስተባብራ አድናለች። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

«ባሕር ላይ ሞተች» አልኳት።

ማን አስገደደኝ? ማንም። እኔ ነኝ ያልኩት። አሚና «አላህ ይዘንላት» ብላ ሄደች። ባቡሩ ያለ እሷ ተነሳ። ሰውየው በዓመቱ ሌላ አገባ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ሽማግሌ ልልክ አሰብኩ። ሃይማኖታችን ይለያያል፣ አባቷ አይሰጡኝም እያልኩ ስፈራ አዲስ አበባ ተዛወርኩ። እኔ ላላገባት ከሚያገባት አስቀረኋት። አዲስ አበባ ሆኜ ስንት ዓመት ያን በር፣ ያን ሙቀት፣ ያን ሳቅ ናፈቅኩ። ግን የመናፈቅ መብት አለኝ?

ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ ለሥራ ወደ ድሬ ተመለስኩ። አሚና የአባቷን ሱቅ ይዛ ብቻዋን ትኖር ነበር። አስቀመጠችኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችኝ። የልዕልቲቱን ታሪክ ርቀው ሊዳሩ ለታሰቡ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንደምትተርክላቸው ነገረችኝ። አንዷ ሰምታው መሄዷን ትታለች አለች።

የሄድኩት እውነቱን ልነግራት ነበር። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

«አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል» አለች። «ቀበሯት፣ ወይስ ባሕሩ ውስጥ ጣሏት?»

«ቀበሯት» አልኩ። «ትንሽ ደሴት ላይ።»

ፊቷ ፈታ አለ።

የመጀመሪያውን ውሸት በወጣትነት፣ በፍቅር አሳብቤ ይሆናል። ሁለተኛውን ስዋሽ ግን ፀጉሬ መሸበት ጀምሮ ነበር። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ይቅርታዋን ለመጠየቅ ደግሞ ልዕልቲቱ መድረሷን መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም።