እብጠቴን ውፍረት ያሉኝ ጊዜ

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ዳንግላ ላይ ነው። ጨው የሌለበት ወጥ በቀረበልኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን አልማዝ የምትባል፣ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች አስተማሪ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ወገቧን በሜትር ለካና «እንዲህ ያለ ወገብ ለክቼ አላውቅም!» አላት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ቅናት አንጀቴን አቃጠለው። ለእኔ ስንት ቀሚስ ሰፍቷል፤ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ከአስመራ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ «ያከሳል» እያለ ኪኒን እንደሚሸጥ ሰማሁና ገዛሁ። በቀን አንድ ዋጪ ነበር የተባልኩት። እኔ ቸኩዬ ሁለት ሁለት ዋጥኩ። ለቤት ሰውም ለጎረቤትም ኮሶ ጠጥቻለሁ አልኩ። ኮሶ የጠጣን ሰው ምን ሆንክ የሚለው የለምና ሳስታውክ ማንም አልጠየቀኝም።

በሳምንቱ ፊቴ ሞላ፣ እግሬም ወፈረ። ጎረቤቶቼ ደስ አላቸው።

«እሰይ! ኮሶው ተስማማሽ! እንዴት አምሮብሻል!»

እኔ ግን በንዴት ጨስኩ። ልክሳ ብዬ ጭራሽ መወፈሬ ነው ብዬ ሦስት ሦስት መዋጥ ጀመርኩ። ሽንቴ ጠቁሮ ጨርሶ ሊጠፋ ደረሰ።

አልማዝ ቀሚሷን ልትለካ ስትመጣ ከመደብ መነሳት አቅቶኝ አገኘችኝ። ባለቤቴ ቆሰበር ገበያ ሄዷል። ፊቴን አየችና ጎንበስ ብላ ቅልጥሜን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጎድጉዶ ቀረ።

«እትዬ፣ ይኼ ውፍረት አይደለም፤ እብጠት ነው። ምን ወሰዱ?»

ባንቺ የተነሳ ነው ልላት ቃጣኝ። ግን ኪኒኑን ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠኋት።

በዚያው ቀን በጭነት መኪና ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ኪኒኑ ኩላሊቴን እንደጎዳው ነግሮን ጨው ከለከለኝ። እሷ አራት ቀን አጠገቤ ወለሉ ላይ ተኛች። ባለቤቴ ሲደርስ እኔን ሳይጠይቅ ሮጦ የእሷን ጉልበት ሳመ። ለምስጋና እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ተረፍኩ፤ ኩላሊቴ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በዓመቱ አልማዝ ወደ ሌላ አገር ተዛወረች። ልንሸኛት ወጥተን እኔም ከሰው እኩል አለቀስኩ። የእውነት ነው ያለቀስኩት፤ ነፍሴን ያተረፈች ልጅ ናት። አውቶቡሱ ከዓይን ሲሰወር ግን ደስ አለኝ።

ኪኒኑንም ውሸቴንም ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ያን ደስታ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።