ከስሟ በላይ ያለው መስመር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የልጄ የማርታ አርባ ከወጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከእነዚያ ወራት ብዙውን አላስታውስም። ይህን ግን አልረሳሁትም።

ማርታ ከመታመሟ በፊት አምስት ኪሎ በሚገኝ ማሠልጠኛ የኮምፒውተር ትምህርት ተመዝግባ ነበር። ስሟን ላሰርዝ ሄድኩ። አስተማሪው ናስር የሚባል ጎልማሳ ነው። ምክንያቱን ስነግረው፣ ቦታዋ ባዶ ከሚሆን እርስዎ ይቀመጡበት አለኝ። ቤት ገብቼ የምሠራው አልነበረኝም። ተቀመጥኩ። ጡረታ እስክወጣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለነበርኩ መተየብ አያቅተኝም።

የዚያን ቀን ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የመጀመሪያ ፕሮግራማችንን እንድንጽፍ ታዘዝን። ስክሪኑ ላይ አንድ ቃል የሚያወጣ፣ ጥቂት መስመር ብቻ። ሌሎቹ ሰላምታ ጻፉ። እኔ የልጄን ስም ጻፍኩ። ይህ እንኳ ካልሆነልኝ ሁለተኛ አልመለስም አልኩ በልቤ።

ከሰሌዳው አንድ በአንድ ገለበጥኩ። አልሄድ አለ። ደግሜ ሳየው የጎደለ ምልክት የለም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስት ጊዜም ቀይ ጽሑፍ መጣ። ስሟ አልወጣም። ቦርሳዬን አነሳሁ።

ናስር መጥቶ አጎንብሶ አየ። ጥፋቱ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ማንኛውንም ጽሑፍ ስጀምር እንደማደርገው፣ ከሁሉ በላይ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌአለሁ። እጄ ነው የጻፈው፤ እኔ ልብ አላልኩም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ አየችና፣ «እትዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር እኮ ገና ክርስትና አልተነሳም» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። ላጠፋው እጄን ሰደድኩ።

«አይንኩት» አለ ናስር። «እኛም ቤት ያለ ቢስሚላህ የሚጀመር ነገር የለም።»

ከመስመሩ ፊት ሁለት ዘመም ያሉ ሰረዞች አደረገ። እንዲህ ሲሆን ማሽኑ ለሰው የተጻፈ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ አያነበውም፣ አይነካውምም አለኝ። ከዚያ እርስዎ ይጫኑት አለ። ተጫንኩ።

ማርታ።

አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም፤ አየሁት ብቻ። ቦርሳዬን ግን መልሼ ወንበሩ ሥር አስቀመጥኩ።

ትምህርቱን ጨርሻለሁ። ልቤ ዛሬም እንደ ደነዘዘ ነው፤ የሚነቃበትን ጊዜ እግዚአብሔር ያውቃል። እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገችውን የናስርን እናት ስም ጠይቄዋለሁ። ሥላሴ ስሳለም ከማርታ ቀጥዬ አነሳታለሁ፤ ለማርታ ዕረፍት፣ ለእሷ ዕድሜ።