ከካላት የመጡት እናት

ዙሌኻ ባይ፣ በአገሩ አጠራር እመቤት ዙሌኻ፣ ሰውን ቀርቶ የሰማዩን ጠባይ እንኳ የማታምን ሴት ነበረች። በተለይ የካቲትን አጥብቃ ትጠረጥረዋለች። በየካቲት ካራቺ ላይ ቀኑ ደምቆ ይውላል፤ ከሰሜን ከበረዶው ሸሽተው የመጡት እንግዶች ካፖርታቸውን ጥለው ባሕሩ ዳር እግራቸውን እየነከሩ "ብርዱ አለቀ!" ይባባላሉ። ድንገት የክዌታ ነፋስ የሚሉት ደረቅ ብርድ ከተራራው ይወርድና ከንፈር ይሰነጥቃል፤ አቧራውን በየጓዳው ይበትናል፤ ያን ሁሉ እንግዳ ሲያስለው ያድራል። ስለዚህ ዙሌኻ ባይ ከምታከራያቸው ክፍሎች ወፍራሙን ብርድ ልብስ እስከ መጋቢት አጋማሽ አታነሳም።

"ባይ፣ በዚህ ሙቀት ልትቀቅይን ነው?" እያሉ ይስቁባታል።

"ሳቁ፣ ሳቁ። ማታ እንገናኛለን።"

ቤቷ ካራዳር በሚባለው የወደቡ ሰፈር ነው። ባሏ ክሬን ነጂ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ የፎቁን ክፍሎች ለብርድ ወራት እንግዶች ማከራየት ጀመረች። አንዱ "የአክስቴ ልጅ ናት" ብሎ የሰው ሚስት ይዞባት መጣ፤ ሌላው "ነጋዴ ነኝ" ብሎ ሰንብቶ መጋረጃዋን ነቅሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በሯን ለሚያንኳኳ ሁሉ መጀመሪያ የምትከፍተው ዓይኗን ነው።

አንድ ቀን ሰብዛል የሚባል ጎልማሳ እናቱን ደግፎ ደረጃውን ሲወጣ ዓይኗ ያረፈው ዕቃው ላይ ነበር። የእናቱን ጓዝ ተሸክሟል፤ የራሱ ግን አንዲት ፌስታል እንኳ የለም።

"ያንተ ዕቃስ?"

"እኔ ነገ እመለሳለሁ ባይ። እናቴ ደረቷን ያማታል፤ ሐኪሙ የካላት ተራራ ብርድ አይሆናትም፣ ወደ ባሕር አውርዳት አለኝ። ሱቄን አስተካክዬ በሳምንቱ እመጣለሁ።" ይህን ሲል የሸሚዙን ቁልፍ አንዴ ይቆልፋል፣ አንዴ ይፈታል።

"በሳምንቱ?"

"ቢበዛ በሳምንቱ።"

ሳምንቱ መጣ፤ ሰብዛል አልመጣም። ስልኩ ተዘግቷል። ዙሌኻ ባይ ለጎረቤቷ "ጥሏቸው ሄዷል። እናቱን እንደ አሮጌ ምንጣፍ እኔ ቤት ጣላቸው" አለች። ተናደደች፤ ከንዴቱ በላይ ግን ነገሩን ለአሮጊቷ መንገሩ አስፈራት።

አሮጊቷ ማህጋንጅ ደግሞ ከእሷ የባሱ ተጠራጣሪ ነበሩ። ሻይ ስታቀርብላቸው አሽትተው ወደ እሷ ይመልሱታል።

"ቅመሺልኝ።"

"እማማ፣ ልመርዝዎት ብፈልግ ዓሣው ውስጥ አደርገው ነበር። እሱንም አይበሉልኝ።"

"ዓሣ ሞቶም ዓይኑን አይጨፍንም። ሞቶ የሚያየኝን ነገር አልበላም።"

ዙሌኻ ባይ ሳቋን ዋጠች። ቀን ቀን ሰገነቱ ላይ ፀሐይ ታሞቃቸዋለች። ከታች ልጆች በሸሚዝ ይሯሯጣሉ፤ ሰዉ የበረዶ ውኃ ይጠጣል። አሮጊቷ ግን ሻላቸውን ጠበቅ አድርገው ሰማዩን ይሰልላሉ።

"ይሄ ሰማይ የደበቀው ነገር አለ" አሉ አንድ ቀን።

ዙሌኻ ባይ ክራሯ እንደተቃኘላት ሰው ቀና አለች። "አይደል? እኔም የምለው ይሄንኑ ነው! ማን ይሰማኛል?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች አብረው ይቀመጡ፣ አብረው ይጠረጥሩ ጀመር፤ ነፋሱን፣ ዓሣ ሻጩን፣ ከፊት ለፊት ያለውን አዲስ ተከራይ።

ነፋሱም አላሳፈራቸውም። አንድ ማለዳ መስኮቱን እያንገጫገጨ ገባ፤ ከተማው በአቧራ ታፈነ። ማህጋንጅ በሳል ወደቁ። ዙሌኻ ባይ ደረታቸውን በሞቀ የሰናፍጭ ዘይት እያሸች አጠገባቸው ዋለች።

"ካላት በረዶ ጥሏል" አሉ አሮጊቷ ትንፋሻቸው ሲመለስ። "ልጄ መንገዱ ተዘግቶበት ነው የቀረው።"

ዙሌኻ ባይ ብርድ ልብሱን እስከ አንገታቸው ሳበችላቸው። ጎረቤቷን አጠገባቸው አስቀምጣ፣ ፊቷን ተሸፋፍና ሊያሪ ሰፈር ወዳለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ሄደች። በካላት መስመር የሚሠራ ኑር ባኽሽ የሚባል ሾፌር አገኘች።

"በረዶውማ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ተጠረገ። ይኸው በየቀኑ እንመላለሳለን። ምነው ባይ፣ የቀረብሽ ሰው አለ?"

"የእኔስ አይደለም" ብላ ተመለሰች።

ገና ከበሩ ሳታልፍ ማህጋንጅ ጠየቋት። "መንገዱስ?"

ዙሌኻ ባይ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች። "ተዘግቷል አሉ እማማ። በረዶው ከባድ ነው።"

አሮጊቷ "እ" ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ነፋሱ ጋብ ሲል ሰብዛል ከተፍ አለ፤ ጢሙን ተላጭቶ፣ የደረቀ አፕሪኮት በከረጢት ይዞ። "እናቴ፣ መንገዱ እኮ..." ብሎ ሲጀምር እናቱ "ሰምቻለሁ፤ ዙሌኻ ነግራኛለች" አሉት። ዙሌኻ ባይ ክርኑን ይዛ ወደ ደረጃው አወጣችው።

"መንገዱ ከተከፈተ ቆይቷል። ሊያሪ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ።"

ሰብዛል ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። "ሁለት ጊዜ አውቶቡስ ላይ ወጥቼ ወረድኩ ባይ። ሚስቴ የእናቴ ሳል ከቤቱ ሲጠፋ ልጆቹ መተኛት ጀመሩ አለች። እውነቷን ነው። እኔም ተኛሁ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ግን ዝምታው ራሱ ይቀሰቅሰኝ ጀመር።"

"እና ለእሳቸው ምን ልትል ነው?"

"ካወቀች ትሞታለች።"

ከውስጥ የማህጋንጅ ድምፅ ተሰማ። "ሰብዛል! ግባ። ዕድሜዬን ሙሉ ካላት ኖሬ፣ በረዶ መንገድ ይዞ እስከ መቼ እንደሚቆይ አንተ ነህ የምትነግረኝ? አንቺም ዙሌኻ፣ ውሸት አታውቂበትም፤ ሁለተኛ እንዳትሞክሪው።"

ልጁ ገብቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። ፈጥነው አላነሱትም። ብዙ አስለቅሰውት ሲያበቁ፣ የቀዘቀዘ ሻያቸውን ገፋ አደረጉለት። "ጠጣ። ብርዱ እስኪያልቅ አብረኸኝ ትሰነብታለህ።"

ሰነበተ። ቀን እናቱን ባሕሩ ዳር ያወርዳቸዋል፤ ማታ ማታ ዙሌኻ ባይ ጫማውን ወስዳ አልጋዋ ሥር ባለው ሳጥን ትቆልፍበታለች። ጎረቤቶቹ ሳቁ፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቃወመም፤ እንዲያውም ሲመሽ ራሱ ያመጣላት ጀመር።

ከዚያ በኋላም እናትና ልጅ በየዓመቱ አብረው ይመጡ ነበር። አንድ የካቲት ግን ሰብዛልን ብቻውን በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ዙሌኻ ባይ ሰላም እንኳ አላለችውም።

"የት ጣልካቸው?"

"ታኅሣሥ ላይ አረፈች ባይ። መጥቼ ልንገርሽ ብዬ ነው።"

አላስገባችውም። እዚያው ደፍ ላይ አቁማ አስከሬናቸውን ማን እንዳጠበ፣ ማን እንደተሸከመው፣ ክፍሉ ሞቆ እንደነበር፣ ሲያልፉ ማን እጃቸውን እንደያዘ ጠየቀችው። ሁሉንም አንድ በአንድ መለሰላት። እጃቸውን የያዘው እሱ ነበር። ድምፁ አንድም ቦታ ሳይሰናከል፣ ዓይኑ አንዴም ሳይሸሽ እስኪጨርስ ድረስ ጠበቀችው፤ ከዚያ በሩን ተደግፋ፣ ሻሏን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች።